የሥራ ቦታ ፍተሻና የጾታ ማንነት፦ «አልፈትሽም» ማለት እችላለሁን? እሷስ «አልፈተሽም» ማለት ትችላለች?

ጠያቂ፦ የበር ፈታሽ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአንድ ድርጅት መውጫ በር ላይ ሴት ሠራተኞችን መፈተሽ ከጀመርሁ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኛል። ድርጅቱ በኪስ ሊያዙ የሚችሉ ጥቃቅንና ውድ ዕቃዎችን ስለሚያከማች፣ ከፈረቃ የሚወጣ ሰው ሁሉ ቦርሳውን ከፍቶ ያሳያል፤ ከልብስ በላይም በእጅ ይፈተሻል። ሴቶቹን ሴት፣ ወንዶቹን ወንድ ይፈትሻል፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚህ የተለየ ደንብ አስፈልጎን አያውቅም ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት ባልደረባችን፣ ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች ብትሆንም በሴትነት የምትኖር መሆኗን ለሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ አሳወቀች። በማግስቱ ኃላፊዬ ወደ በሩ መጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ትፈትሻታለሽ» ብሎኝ ሄደ። ማታ ተራዋ ደርሶ ከመጋረጃው ጀርባ ስትገባ ጓንቴን አጠለቅሁ፤ ነገር ግን እጄ ትከሻዋ ላይ እንደደረሰ ቀረ። እሷም ገብቷት ኖሮ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ክንዶቿን እንደ ዘረጋች ቆመች። ወገቧ ጋ ሳልደርስ «ይበቃል፣ ሂጂ» አልኳት። ውጭ ተራ ይጠብቁ የነበሩትም ቶሎ መውጣቷን አይተው እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። በማግስቱ ለኃላፊዬ እንደማልችል ስነግረው ወንዱ ፈታሽ እንዲፈትሻት አዘዘ፤ እሷ ደግሞ ወንድ እንዲነካት እንደማትፈቅድ ተናግራ ቆመች። አሁን ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተዘጋጀ እንደሆነ ተነግሮናል።

እሷን ማዋረድ አልፈልግም፤ አንድም ቀን ክፉ አላደረገችብኝም። ይሁን እንጂ ሃይማኖቴም አስተዳደጌም ለዚህ ሥራ አላዘጋጁኝም። እምቢ ማለቴ መብቴ ነው ወይስ አድልዎ? የእሷስ እምቢታ እንዴት ይታያል? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ 1፦ የሥራ ሕግ ጠበቃ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ለሁለት ልክፈለው፤ ምክንያቱም የሚፈተሸው ሰው እምቢታና የሚፈትሸው ሰው እምቢታ እኩል ክብደት የላቸውም።

ከሚፈተሸው ልጀምር። የግል ድርጅት ጥበቃ ፖሊስ አይደለም። የሥራ ውሉ «ሠራተኛው ለፍተሻ ይተባበራል» የሚል አንቀጽ ቢኖረው እንኳ፣ አንቀጹ እምቢ ባለው ሰው ላይ የዲሲፕሊን ጥያቄ ሊያስነሳ ይችል ይሆናል እንጂ ማንም በጉልበት እጁን ሰውነቱ ላይ እንዲያሳርፍ አይፈቅድም፤ ያለ ፈቃድ ሰውን መንካት በብዙ አገሮች ሕግ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ደግሞም ልብ ይበሉ፦ ባልደረባዎ ፍተሻውን አልተቃወመችም። የተቃወመችው ወንድ እንዲፈትሻት መታዘዙን ነው፤ ይህ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ወንድ እንዲፈትሽዎ ቢታዘዝ ከሚያቀርቡት ተቃውሞ የተለየ አይደለም።

ይህን ተቃውሞ የሚደግፉ ዓለም አቀፍ ሰነዶች አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1988 በሰጠው 16ኛ አጠቃላይ አስተያየት፣ በመንግሥት ሠራተኞች የሚደረግ የአካል ፍተሻ በተመሳሳይ ጾታ ሰው ብቻ እንዲከናወን ጠይቋል። ስለ እስረኞች አያያዝ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች 52ኛ ደንብም ልብስ የሚያስወልቅ ፍተሻ ፍጹም አስፈላጊ ሲሆን ብቻ፣ ከሌሎች ዓይን ተከልሎ፣ በሠለጠነና ከተፈታሹ ጋር ተመሳሳይ ጾታ ባለው ሰው እንዲደረግ ያዛል። በሊትዌኒያ አንድ ወንድ እስረኛ ሴት ጠባቂ ባለችበት ራቁቱን እንዲሆን መገደዱን የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 አዋራጅ አያያዝ ነው ሲል ወስኗል። እነዚህ ሁሉ የመንግሥት አካላትንና እስረኞችን የሚመለከቱ ናቸው ይሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ለታሰረ ሰው የተጠበቀው ክብር ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሠራተኛ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ችግሩ «ተመሳሳይ ጾታ» የሚለው ሐረግ ትራንስጀንደር ለሆነ ሰው፣ ማለትም እንደ ባልደረባዎ ሲወለድ ከተመዘገበበት ጾታ በተለየ ለሚኖር ሰው፣ ምን ማለት እንደሆነ እነዚህ ሰነዶች ቁርጥ አድርገው አለመናገራቸው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በፖሊስ የአሠራር ደንብ ላይ የተጨመረው ክፍል፣ ጥርጣሬ ሲኖር ሰውዬው እንደ ወንድ ወይስ እንደ ሴት መስተናገድ እንደሚመርጥ እንዲጠየቅና ምርጫው እንዲመዘገብ ያዝዝ ነበር። ሆኖም የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ (ኤፕሪል) 16 ቀን 2025፣ በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ውስጥ «ጾታ» የሚለው ቃል ሥነ ሕይወታዊ ጾታን እንደሚያመለክት ከወሰነ በኋላ፣ የብሪታንያ የትራንስፖርት ፖሊስ በእስር ላይ ያሉ ሰዎችን ፍተሻ በውልደት ጾታ እንዲሆን አድርጓል። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ መልሱ በጥቂት ዓመታት እንዲህ ስለሚለዋወጥ፣ የሚሠሩበትን አገር ሕግ አሁን ባለበት ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ማማከር ግድ ይላል።

ወደ እርስዎ እምቢታ ስመጣ ለጉዳይዎ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ የኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ችሎት የሰጠው ውሳኔ ነው። ችሎቱ ትራንስጀንደር የሆነ ተጠርጣሪ በወንዶች፣ በሴቶች ወይም ላይኛውን አካል አንዱ፣ ታችኛውን ሌላው በሚፈትሽበት በተከፈለ ፍተሻ ለመፈተሽ እንዲመርጥ አዘዘ። ፈታሽ ፖሊሶች «አንፈትሽም» ማለት የሚችሉት ግን የራሳቸው ከባድ የመብት ጥያቄ ሲኖር ብቻ እንደሆነ ገደበ። እዚያ እምቢታው ሙሉ በሙሉ አልተከለከለም፤ ያለ ምክንያትም አልተፈቀደም። የእርስዎ የሃይማኖት ምክንያት ሊመዘን የሚገባው እንዲህ ባለ ሚዛን ነው፤ ስለዚህ በጽሑፍ ያቅርቡት እንጂ በር ላይ በቃል አይጨርሱት። እኔን ያስቆጣኝ ግን የእናንተ እምቢታ ሳይሆን፣ ሥልጠናም መመሪያም ሳይሰጥ በቃል አዝዞ የሄደው ኃላፊ አሁን ማስጠንቀቂያ ጸሐፊ መሆኑ ነው።

መልስ 2፦ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ

ልጄ፣ ጠበቃው የተናገሩት ልክ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚነሣ ጥያቄ አለኝ። እጅ ሰውነት ላይ ማረፉ የግድ ነው ወይ? ዕቃው ብረት ያለበት ከሆነ በእጅ የሚያዝ የብረት መፈተሻ ይበቃል። ቦርሳን ጠረጴዛ ላይ ማራገፍና ሠራተኛውን ኪሱን በራሱ እጅ አስገልብጦ ማየት ደግሞ ማንንም መንካት አይጠይቅም። በማኅበራችን የፍተሻ ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ጠፍቶባችሁ ነው ይህን የጀመራችሁት?» ብለን ነው፤ ብዙ ጊዜም አሠሪው የሚመልሰው ያጣል።

በሥራ ቦታ ፍተሻን እምቢ ማለት አዲስ ነገር አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ኪምበርሌይ የአልማዝ ማዕድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ነጭ ሠራተኞች ልብሳቸውን አውልቀው እንዲፈተሹ ሲታዘዙ ሥራ አቁመው ተቃወሙ፤ ጥቁር ሠራተኞች ግን በታጠረ ግቢ እየተዘጉ ራቁታቸውን መፈተሻቸው ቀጠለ። ይህን ያነሣሁት ፍተሻ ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ሁልጊዜ ጉልበት የሌለው ወገን ስለሆነ ነው። በእናንተም በር ላይ አንዲት ሴት ማን እንደሚፈትሻት ሳይወሰን በሁለት ፈታሾች መካከል ቆማ የቀረችው ጉዳይዋ አዲስ ሆኖ ብቻዋን ስለተገኘች ነው።

መልስ 3፦ የቀድሞ ፈታሽ

ከጠበቃው ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። የሚፈትሽ ሰው እምቢታ ክብደቱ ያነሰ ነው መባሉ አሳዝኖኛል። ፍተሻ በሁለት ሰዎች አካል መካከል የሚደረግ ነገር ነው፤ የሴት ፈታሽ እጅም የሴት አካል ነው። ለብዙ ዓመታት ይህን ሥራ ስሠራ ሴት ሴትን እንድትፈትሽ የተደነገገው ለሚፈተሹት ብቻ ሳይሆን ለእኛም ጥበቃ እንደሆነ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። ከእምነቷ ወይም ካለፈባት ነገር የተነሣ የማትችል ሴት «አድሎኛ» ተብላ እንድትቀጣ አልስማማም።

ይህን ስል ግን ያቺ ባልደረባችሁ በግድ ለወንድ ትሰጥ ማለቴ አይደለም፤ ያ የባሰ ነው። እኔ በነበርሁበት ቦታ ጥያቄው ሲነሣ አስተዳደሩ ፈታሾችን ሁሉ አንድ በአንድ፣ በምስጢር ጠየቀ። ሦስታችን ፈቃደኛ ሆንን፤ አንዷ አልሆነችም። ያልፈለገችው ማን እንደሆነች ማንም ሳያውቅ የፈረቃ ምደባው በዚያ መሠረት ተሠራ፤ ተፈታሿም «ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው አለ» የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም።

መልስ 4፦ እኔም የሚፈተሸው ወገን ነኝ

ስለ ራሴ ብዙ አልዘረዝርም፤ ትራንስጀንደር መሆኔንና በየቀኑ የምፈተሽበት ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ መቆየቴን ማወቅ ይበቃችኋል። ከሁሉ የከበደኝ በማን እንደምነካ ሳይሆን፣ ሠላሳ ሰው በተሰለፈበት ጥበቃው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህችን ማን ይፈትሻት?» ብሎ መጠየቁ ነበር። ያን ቀን ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ በኋላ ለወራት ሰልፉ እስኪያልቅ ድረስ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆይቼ በመጨረሻ እወጣ ነበር፤ በዚህም የተነሣ የምትደብቀው ነገር አለ ተብዬ ተጠረጠርሁ።

የማኅበሩ ተወካይ መሣሪያ ይግባ ማለታቸው ጥሩ ነው፤ ዓይነቱ ግን ይታሰብበት። በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች የነበሩት የሰውነት ስካነሮች ሠራተኛው ተሳፋሪውን ዓይቶ የወንድ ወይም የሴት ቁልፍ እንዲጫን ይጠይቁ ስለነበር፣ አካሉ ከተጫነው ቁልፍ ጋር ያልገጠመ ሰው ላይ ማስጠንቀቂያ እየጮኸ ለተጨማሪ የእጅ ፍተሻ ይዳርገው ነበር፤ ይህ እንዲቀየር የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በእጅ የሚያዘው ቀላል የብረት መፈተሻ ይህ ችግር የለበትም።

ለእኔ መፍትሔ የሆነው ለሠራተኛ ሁሉ የተሰጠ አንድ ቅጽ ነው፦ «በእጅ መፈተሽ ካስፈለገ በማን መፈተሽ ይመርጣሉ?» ቅጹን ሁሉም ስለ ሞላው የእኔ መልስ ከሌሎቹ መካከል አንዱ ሆነ። ጠያቂዋ፣ እጅሽ ትከሻዋ ላይ መቅረቱን ስትጽፊ የእሷንም ዓይን አይተሻል። እባክሽ ለብቻዋ አግኝተሽ አነጋግሪያት፤ ያ ማታ እንዴት እንዳደረ እኔ አውቀዋለሁ።

ጠያቂ፦ የበር ፈታሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ከሥራ በኋላ አገኘኋት። ይቅርታ ስጠይቃት ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና ያን ዕለት ሳልጨርስ ማቆሜ ሌሎቹ «ለእሷ ይለፍ ተሰጣት» እንዲሉ ማድረጉ ከምንም በላይ እንደጎዳት ነገረችኝ፤ ይህን እኔ ፈጽሞ አላሰብሁትም ነበር። ቅጹን፣ በእጅ የሚያዘውን መሣሪያና የፈታሾችን የምስጢር ምርጫ የሚጠይቅ አንድ ደብዳቤ በሁለታችን ስም ለመጻፍ ተስማምተናል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ነገ ሲሰጠን ልንፈርም ይገባል?

መልስ 5፦ የሥራ ሕግ ጠበቃ

መቀበልዎን ብቻ ይፈርሙ። ከፊርማዎ በላይ በራስዎ እጅ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ ግን አልስማማም» ብለው ቀኑን ይጻፉና ቅጂ ሳይወስዱ ከቢሮው አይውጡ። ባልደረባዎም እንዲሁ ታድርግ። የጋራ ደብዳቤያችሁን ደግሞ በዚያው ዕለት በመዝገብ ቤት በኩል አስገብታችሁ የገቢ ቁጥሩን ያዙ።