አይቢኤስ ለተጠረጠረ ሰው ሁሉ ሲቲ ስካን ይታዘዝ?

መቅደስ፦ ክርክሩን እኔ ልክፈተው። ለወራት ሆዱን ሲቆርጠውና ሲነፋው፣ አንድ ሰሞን ተቅማጥ ሌላ ሰሞን ድርቀት ሲያሠቃየው የቆየ ሰው ሐኪም ዘንድ ይቀርባል። ሐኪሙ ጥቂት ይጠይቀዋል፣ ሆዱን ይዳስሰዋል፣ «አይቢኤስ ነው፤ የአንጀት ሥራ መዛባት ነው፤ አይገድልም» ብሎ ይሸኘዋል። ሲቲ ስካንን የመሰለ የሆድን ውስጥ በኤክስሬይ ጨረር ወለል አድርጎ የሚያሳይ መሣሪያ እያለ በቃል ጥያቄ ብቻ መፍረድ ምን የሚሉት ሕክምና ነው? እኔ ራሴ ታማሚ ነኝ፤ ለሁሉም ይታዘዝ ባይ ነኝ።

ዶክተር ዮናስ፦ ሥቃይዎን አልጠራጠርም፤ የምጠራጠረው መሣሪያው መልስ ይሰጥዎታል የሚለውን ነው። ሲቲ ስካን የሚያየው ቅርጽን ነው፦ የወፈረ የአንጀት ግድግዳ፣ ዕጢ፣ መዘጋት፣ የቋጠረ መግል። በአይቢኤስ የተዛባው ግን አንጀትና አንጎል የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። ጤነኛ ሰው ልብ የማይለው የጋዝ መወጠር እንደ ሕመም ይሰማል፤ የአንጀት እንቅስቃሴ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ይህ ደግሞ በምስል ላይ አይወጣም። «የቃል ጥያቄ» ያሉትም የዘፈቀደ አይደለም። ሐኪሞች አይቢኤስን የሚለዩበት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮም 4 መስፈርት እንዲህ ይላል፦ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ ቢያንስ በሳምንት 1 ቀን የሚመላለስ የሆድ ሕመም፤ ከዚያም ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር መያያዙ፣ የሰገራው ድግግሞሽ መለወጡ፣ መልኩ መለወጡ፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ። ምልክቱ ከጀመረም 6 ወር ሊሞላው ይገባል።

መቅደስ፦ መስፈርቱን ያሟላ ሰው ካንሰር ሊኖረው አይችልም ማለት ነው?

ዶክተር ዮናስ፦ አይደለም። የአደጋ ምልክት የሚባሉት ለዚህ ነው የሚጠየቁት፦ በሰገራ ደም መታየት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም ማነስ፣ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ታሪክ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ምርመራው ይቀጥላል፤ ያኔም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት ከውስጥ በካሜራ ማየት ነው።

አይናለም፦ እኔ የምሠራው በራዲዮሎጂ ክፍል ነው፤ ስለ ጨረሩ ማንም ስላላነሳ ላንሳው። አንድ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ወደ 8 ወይም 10 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይሰጣል። ማንኛውም ሰው ከአፈርና ከአየር ከሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር የሦስት ዓመት ያህሉ በአንዴ ማለት ነው። ለአንድ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ ማስፈራራት አልፈልግም። ነገር ግን የአይቢኤስ ታማሚዎች ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር ስካኑም ከተመላለሰ ይደማመራል። ምስሉ እንዲጎላ በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት የሚባል ፈሳሽም ለኩላሊት ሕመምተኛና አለርጂ ላለበት ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሄኖክ፦ እኔ ሐኪሙን ወትውቼ ሲቲ ስካን ተነሥቻለሁ። አንጀቴ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ጉበቴ ላይ ግን ትንሽ ጥላ ታየች። ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ኤምአርአይ፣ በመሐሉ እንቅልፍ አልባ ሌሊቶች። መጨረሻ ላይ «ውኃ የቋጠረ ተራ ነገር ነው፣ እርሳው» ተባልኩ። የሆድ ቁርጠቴ? እንደነበረ አለ። ነፃ ነህ የተባልኩበት እፎይታም ብዙ አልቆየም።

አስቴር፦ ዶክተር፣ የእርስዎ ዝርዝር አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ዕድሜ። ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷ መነፋት የጀመረ ሴት አይቢኤስ ተብላ ልትሸኝ አይገባም። የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማመንጫ) ካንሰር በዚሁ መልክ ሊመጣ ይችላል። እናቶቻችን «ጋዝ ነው» እየተባሉ ጊዜ ያልፍባቸዋል።

ዶክተር ዮናስ፦ እውነት ነው፤ ዕድሜ መቅደም ነበረበት። እዚያም ግን መነሻው ሲኤ 125 የሚባለው የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ነው፤ ሲቲ ስካን በኋላ ይመጣል። ለወጣቱም ቢሆን፣ በተለይ ተቅማጥ ካለበት፣ ቀላል ምርመራዎች ይበቃሉ፦ የደም ቆጠራ፣ ብግነትን በደም የሚለካው ሲአርፒ፣ ለሴሊያክ በሽታ (በስንዴ ግሉተን ለሚቀሰቀስ የአንጀት ሕመም) የደም ምርመራ፣ የሰገራ ካልፕሮቴክቲን። የመጨረሻው የአንጀት ብግነት መኖሩን ይጠቁማል። ሲቲ ስካን ገና በጅምር ላይ ያለን የክሮንስ በሽታ (ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት) ሊስተው ይችላል፤ ማይክሮስኮፒክ ኮላይትስ የሚባለው የትልቁ አንጀት ብግነትማ ከአንጀቱ በሚወሰድ ናሙና ካልሆነ አይታወቅም። ንጹሕ ስካን ይዞ የሚኩራራ ሰው ይህን ቢያውቅ ደግ ነው።

መቅደስ፦ ይህን ሁሉ ለታማሚው የሚነግረው ማን ነው? እኔን የነገረኝ የለም። ካልፕሮቴክቲን የሚለውን ቃል የሰማሁት ዛሬ ነው። ስካኑን የምንለምነው ማሽን ናፍቆን ሳይሆን የሚያስረዳን አጥተን ነው።

አይናለም፦ ይህንን ግን ስካን አያስተካክለውም፣ መቅደስ።

መቅደስ፦ አያስተካክለውም፤ ቢያንስ አንድ ሰው ከልቡ እንደፈለገልኝ ያሳየኛል። «ለሁሉም» ያልኩትን ላጥብበው፦ የአደጋ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሳይጠይቅ፣ የደምና የሰገራ ምርመራ ሳያዝ «አይቢኤስ» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም ፊት ከተቀመጥኩ ስካኑን እጠይቃለሁ።

ዶክተር ዮናስ፦ እንደዚያ ካለ ሐኪም ፊት ከተቀመጡ፣ ቢጠይቁ የሚሻለው ሌላ ሐኪም ነው።