«ወረቀቱ ምን በደለ?» ተለያይቶ መኖር ወይስ ፍቺ

የቱሉ ዲምቷ፦ ትናንት እህቴን ከባሏ ሊያስታርቁ የመጡት ሽማግሌዎች ያሉትን ሰምቼ እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው። «ፍቺ የሚባል ነገር አታንሺ። ለጊዜው ተለያይታችሁ ኑሩ፤ ሕጉም ይፈቅዳል» አሏት። ባሏ ከቤት ከወጣ ቆይቷል። ገላን ቤት ተከራይቶ ከሌላ ሴት ጋር ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የቆሸሸ ሸሚዙን በፌስታል ጥሎ፣ የታጠበውን ይዞ ይሄዳል። ይሄን ነው «ለጊዜው» የሚሉት?

የድሮ ሰው፦ ልጄ፣ ሽማግሌ ላይ እንዲህ አይወረድም። እኔም ብዙ ቤት አስታርቄአለሁ። ሰው ሲለያይ ቁጣው ይበርድለታል። ልጆች አሉ። ነገ ልቡ ቢመለስ የሚገባበት ቤት ይኑረው። ወረቀቱ ምን በደለ? ይቀመጥ።

የቱሉ ዲምቷ፦ አባባ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ወረቀቱ እሷን በድሏል። የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ በየወሩ ባንክ የምታስገባው ከደሞዟ ነው። እሱ ሲመጣ «ግማሹ የኔ ነው» ይላታል።

የሕግ ተማሪ፦ ሕጉም ይሰጠዋል እኮ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213፣ ባልና ሚስት በስምምነት ተለያይተው መኖር ይችላሉ ይላል። ለተወሰነ ጊዜም ላልተወሰነም። ትዳሩ ግን አልፈረሰም። ትዳሩ እስካለ ደሞዟ የጋራ ሀብት ነው። በስሟ ያለ ንብረት እንኳ የግሏ መሆኑን ካላስረዳች የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። እንግሊዝ ውስጥ እንዳለው፣ ትዳሩ ሳይፈርስ ፍርድ ቤት ንብረት የሚያከፋፍልበት መንገድ እኛ ጋ የለም። ባልና ሚስት በመካከላቸው የሚዋዋሉትም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ሽማግሌዎቹ ይሄን ነግረዋታል?

የሰበታው፦ ቆይ፣ ቆይ። «ወረቀቱ ምን በደለ» ስለተባለ እንዲህ መንጫጫት ምንድን ነው? እናቴና አባቴ ተለያይተው ነው ያረጁት። አልተፋቱም። አባቴ ሲሞት ጡረታው ለእናቴ ሆነ። ብትፈታው ኖሮ አምስት ሳንቲም አታገኝም ነበር። እናቴን ያኖራት እናንተ የናቃችሁት ወረቀት ነው።

የሕግ ተማሪ፦ እናትህን እግዚአብሔር ያቆይልህ። ግን አባትህ ሌላ ሚስት አግብቶ ቢሆንስ? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ሌላ ትዳር የመሠረቱ ባልና ሚስት ትዳራቸው እንደፈረሰ ይቆጠራል ብሏል። የፍቺ ውሳኔ ሳይኖር! ወረቀቱን ይዛ ዕድሜ ልኳን የጠበቀች ሴት መጨረሻ ላይ «ሚስት አይደለሽም» ልትባል ትችላለች።

የሰበታው፦ አባቴ ሌላ አላገባም። ስለ አባቴ ተጠንቅቀህ ጻፍ።

ባለ አራተኛ ፎቋ፦ ስለ አባቶቻችሁ ተዉና ስለ ቤቱ አውሩ። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። ቢፋቱም አንዱ ለሌላው ድርሻውን በገንዘብ ከፍሎ ቤቱን ማስቀረት አለበት። ከየት አምጥቶ? እኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ እንዲህ የሚኖሩ አሉ። እሷና ልጆቹ መኝታ ቤት፣ እሱ ሳሎን ፍራሽ ዘርግቶ። የመኝታ ቤቱ በር ላይ ጓጉንቸር አለ። ማታ ከውስጥ ትቀረቅረዋለች፤ ጠዋት ስትወጣ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ማዕድ ቤት ሁለት ዘይት፣ ሁለት ጨው። ልጆቹ ሽንት ቤት ለመሄድ በአባታቸው ራስጌ ያልፋሉ። እነሱንም ሽማግሌ ነው እንዲህ ያደላደላቸው።

የድሮ ሰው፦ ሽማግሌ፣ ሽማግሌ! ፍርድ ቤቱስ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ታረቁ ብሎ ይመክራል። እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። እኛ ስንለው ነውር የሆነው እነሱ ሲሉት ሕግ ነው?

የቱሉ ዲምቷ፦ የፍርድ ቤቱ 3 ወር ሲሞላ ያልቃል፣ አባባ። የእናንተ «ለጊዜው» መቼ ነው የሚያልቀው?

የሰበታው፦ አዋጅ 213 እያላችሁ ታደክሙናላችሁ። ባልየው ያለው ገላን አይደል? እዚያ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ የጋራ ቤታቸው ቱሉ ዲምቱ ነው። ቱሉ ዲምቱ አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ የሚሠራው አዋጅ 213 ነው።

የሰበታው፦ እሱን ለኦሮሚያው የሸገር ከተማ ሰው ንገር።

ባለ አራተኛ ፎቋ፦ ደግሞ ወሰን ልትጀምሩ ነው? ልጅቷ ቤቷን ልታጣ ነው እያልን!

የሰበታው፦ እኔ ምን አልኩ? የምትከስበትን ቦታ ትወቅ ነው ያልኩት።

የሕግ ተማሪ፦ የቱሉ ዲምቷ፣ የባንክ ደረሰኞቹን አንድም ሳይቀር ሰብስቢላት። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ገንዘብ ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ከሽማግሌዎቹ በፊት እነሱን ታናግር።

የድሮ ሰው፦ «ከሽማግሌ በፊት» ነው ያልከው? ለመሆኑ አንተ አግብተሃል?

የሕግ ተማሪ፦ ማግባቴ ከደረሰኙ ጋር ምን አገናኘው?

የድሮ ሰው፦ ሳያገባ ትዳር የሚያፈርስ ጠበቃ ስላየሁ ነው።

የቱሉ ዲምቷ፦ አባባ፣ ትዳሩን ያፈረሰው ገላን ነው ያለው። ለእህቴ ነግሬአታለሁ፤ ሸሚዙን ከዛሬ ጀምሮ አታጥብም። ሰኞ ደረሰኞቹን ይዘን እንሄዳለን።

የሰበታው፦ ሂዱ። ጡረታውን ግን አስቡበት።