ሽብሩ ሲረሳ ጥንቃቄው ለምን ይቀራል?

ፈታሿ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የማይጠፋው «ቀበቶ ይፍቱ፣ ላፕቶፕ ያውጡ፣ ውሃ አይገባም» ነው። በቀደም አዲስ የተቀጠረ ልጅ አጠገቤ ቆሞ የአንዲት እናትን ሽቶ ከቦርሳቸው አወጣ። «ግማሽ እንኳ የለውም፣ ልጄ» ብለው ለመኑት። ጠርሙሱ ላይ 150 ይላል፣ አይሆንም አላቸው። ትክክል ነው፤ ደንቡ የሚያየው ዕቃው የሚይዘውን እንጂ የተረፈውን አይደለም። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ግን ዞር አለና «ቆይ፣ 100 ሚሊ ሊትር የሆነው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 እንግሊዝ ውስጥ የተያዙ ሰዎች ፈሳሽ ፈንጂ በለስላሳ ጠርሙስ ይዘው ገብተው፣ አትላንቲክን የሚያቋርጡ አውሮፕላኖችን ሊያጋዩ አስበው ነበር። መጀመሪያ ፈሳሽ ጭራሽ ተከለከለ። ቆይቶ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ተፈቀደ። ልጁ «እኔ እኮ የአየር ግፊት ምናምን መስሎኝ ነበር» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ ያኔ ገና ሕፃን ነበር።

የጫማውም ነገር እንደዚሁ ነው። በዲሴምበር 2001 ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚበር አውሮፕላን ላይ አንድ ሰው ጫማው ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ በክብሪት ሊለኩስ ሲል ተረባርበው ያዙት። አሜሪካ ሁሉንም ተሳፋሪ ጫማ ማስወለቅ ያቆመችው በ2025 ነው። አንድ ያልተሳካ ክብሪት ስንቱን ሰው በካልሲ አስኬደው!

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ጥቃት ሲደርስ ሰው ሻማ ያበራል፣ አበባ ያስቀምጣል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቅፎ ያለቅሳል። ያ ቶሎ ይበርዳል። ወረፋውና ፍተሻው ግን ይቀራል። ለምን? የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይብቃ የሚለውንስ ማን ነው የሚወስነው? ፍተሻውን ጠልቼ አይደለም፤ የምኖርበት ሥራ ነው።

ጠበቃው፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከኤርፖርት ወጣ ብለሽ ሕጉን ብታዪ ደግሞ ይብሳል። በኖቬምበር 1974 በእንግሊዟ ከተማ በርሚንግሃም ሁለት መጠጥ ቤቶች በቦምብ ተመትተው 21 ሰው ሞተ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ፓርላማው የሽብር መከላከያ ሕግ አጸደቀ። ተጠርጣሪን ክስ ሳይመሠርቱ እስከ 7 ቀን ማሰር ተፈቀደ። የወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሮይ ጄንኪንስ ራሳቸው ሕጉ በጣም ከባድ መሆኑን አልካዱም። ሕጉ ጊዜያዊ ነው ተባለ። ከዚያማ እየታደሰ፣ እየተሻሻለ ቀጠለ፤ በመጨረሻ በ2000 በወጣ ቋሚ ሕግ ተተካ።

በዚያው ጥቃት ስድስት ሰዎች በ1975 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ተደብድበን ነው ያመንነው ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ፍርዱ ተሽሮ የተለቀቁት በ1991 ነው። 16 ዓመት! ሕዝቡ «የሆነ ሰው ይያዝልን» ብሎ በሚጮህበት ሰዓት ፖሊስም ዳኛም ጆሮው ይደፈናል። እኔን የሚያስፈራኝ ከፍተሻው ይልቅ ይኼ ነው።

ሰሚራ ከኦስሎ፦

እኔ የምኖረው ኖርዌይ ነው፤ እዚህ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በጁላይ 22 ቀን 2011 አንድ ሰው ኦስሎ ላይ ቦምብ አፈንድቶ፣ ከዚያ ዩቶያ ደሴት ሄዶ የወጣቶች ካምፕ ላይ ተኮሰ። 77 ሰው ሞተ፤ 69ኙ ደሴቷ ላይ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስቶልተንበርግ መልሳችን ዴሞክራሲን ማጠናከር ነው አሉ። ይኼን ሁሉም ያስታውሳል። የኋላውን ጭቅጭቅ ግን ከዚህ ውጭ ብዙ ሰው አያውቅም።

ከደሴቷ ማዶ ያለውን መሬት ሰንጥቆ ክፍተት የሚተው የመታሰቢያ ሐውልት ታቅዶ ነበር። በሥዕል ሲታይ ያምራል። የአካባቢው ነዋሪዎች ግን አሻፈረን አሉ፤ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ከእነሱ መካከል ያን ቀን በገዛ ጀልባቸው ወጥተው ልጆቹን ከውሃ ያወጡ ሰዎች ነበሩ። በየማለዳው መስኮት ሲከፍቱ ያንን ማየት አልፈለጉም። መንግሥት በ2017 ዕቅዱን ተወው። በምትኩ በ2022 ወደቡ አጠገብ 77 የነሐስ ምሰሶዎች ቆሙ።

ደሴቷ ላይ ያለውንም አይቻለሁ። ልጆች የተገደሉበትን ካፍቴሪያ ሊያፈርሱት ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ የተወሰነውን ክፍል አስቀርተው በላዩ ሌላ ቤት ሠሩበት። ጣሪያውን የተሸከሙት 69 እንጨቶች ናቸው። ዙሪያውን ያጠሩት ቀጫጭኖቹ 495 ናቸው፤ በሕይወት የተረፉትን ለማሰብ። ካምፑም በ2015 ተመልሶ ተከፈተ። ወጣቶች እዚያው ይጨፍራሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ። አንዳንድ ወላጆች ይኼን መቀበል ከብዷቸው ነበር፤ አይፈረድባቸውም።

ስለዚህ ማን ይወስናል ላልሽው፣ እዚህ ዓመታት ፈጀ፣ ሰው ተቀያየመ፤ ግን ተጨቃጭቀው ነው የወሰኑት።

ግልጹን ልንገራችሁ፦

ሁላችሁም ጥንቃቄውን እንደ በሽታ አደረጋችሁት። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የአብራሪዎቹ በር በቀላሉ ባይከፈት ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። በሩ ከዚያ ወዲህ ጥይት የማይበሳው ሆነ። እኔ የምሳፈረው ያንን አምኜ ነው። ሽቶዋ የተጣለባት ሴት ሌላ ትግዛ።

ፈታሿ፦

ወንድሜ፣ በሩን እኔም አልነካም። ግን በማርች 2015 ጀርመንዊንግስ የሚባለው የጀርመን አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ያንኑ በር ከውስጥ ዘግቶ ካፒቴኑን አስቀረውና አውሮፕላኑን ተራራ ላይ ከሰከሰው። 150 ሰው አለቀ። ከውጭ ሰው ይጠብቀናል ያልነው በር ነው። ከዚያ አውሮፓ ውስጥ የአብራሪዎቹ ክፍል ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይኑርበት ተባለ። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ እንደገና ታየና ብዙ አየር መንገዶች ተዉት።

ያኛው እንዴት ቶሎ ታየ? እኔ ስገምት ምክንያቱ ጠላት ስለሌለበት ነው። አሸባሪ ያለበት ነገር ላይ «ይብቃ» ብሎ የሚፈርም ኃላፊ አታገኝም። ያጠበቀን ማንም አይጠይቀውም። ያላላ ግን በማግስቱ አንድ ነገር ቢፈጠር አለቀለት። የእኛም አለቆች እንደዚያው ናቸው፤ አዲስ ትእዛዝ ይመጣል እንጂ የተሰረዘ ትእዛዝ ሲመጣ ብዙም አላየሁም።

ሰሚራ፣ የጀልባዎቹን ሰዎች አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

ጠበቃው፦

የፈራሚውን ነገር ልክ ብለሻል። ለዚህም ነው እንግሊዞች በኋላ አንድ ደህና ነገር የሠሩት። የሽብር ሕጎቹ እንዴት እየሠሩ እንደሆነ የሚመረምር ገለልተኛ ሰው ይሾማሉ። ምስጢራዊ ሰነድ ሳይቀር ያያል፣ በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣል። መንግሥት ምክሩን ሁልጊዜ ይሰማል ማለት አይደለም። ቢያንስ ግን «ይኼ አሁንም ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሥራው የሆነ ሰው አለ፤ ስለጠየቀ አይባረርም።

ፈታሿ፦

ሪፖርቱን ማንም ማንበብ ይችላል?

ጠበቃው፦

አዎ፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ረጅም ነው፤ ከማጠቃለያው ጀምሪ።