«ሁሉም ያውቅ ነበር» ማለት ማን ማን ነው?

የቀበናው፦
ትናንት አንድ ዩቲዩበር ስለ ጆኒ ኪታጋዋ ሲያወራ «ቢቢሲ ባያጋልጠው ኖሮ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም ነበር» አለ። ስልኬን ልወረውረው ነበር። ሰውዬው ከ1962 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ የወንድ ልጆች ባንድ እያመረተ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹን በመዳፉ ይዞ፣ ሥሩ ባሉ ታዳጊዎች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ሲያደርስ የኖረ ነው። በ2019 በወንጀል ሳይከሰስ ሞተ። ግን ሹካን ቡንሹን የሚባለው ሳምንታዊ መጽሔት በ1999 በተከታታይ ጽፎበታል! የጆኒ ድርጅት መጽሔቱን በስም ማጥፋት ከሰሰ። በ2003 የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለ ጥቃቱ የተጻፈው በዋናው ነገር እውነት ነው አለ። ከዚያ 20 ዓመት ጭጭ። ቢቢሲ በ2023 ፊልም ይዞ መጥቶ ምኑን ነው ያጋለጠው? ሁሉም ያውቅ ነበር እኮ።

ሚሚ_አራሺ፦
«ሁሉም»? እኔ ከ2010 ጀምሮ የአራሺ፣ የጆኒ ድርጅት ባንድ የነበረው፣ ወዳጅ ነኝ፣ አላውቅም ነበር። ሁሉም ስትል እኔንም ነው?

አባ_ጠጠር፦
1999 በኛ ነው በፈረንጅ?

የቀበናው፦
በፈረንጅ ነው ወንድሜ፣ ጃፓኖች እንቁጣጣሽ አያከብሩም። ሚሚ፣ አንቺን አላልኩም። ጋዜጠኞቹን፣ ፕሮዲውሰሮቹን፣ ማስታወቂያ ሰጪዎቹን ነው።

ጠበቃ_ነኝ፦
ፍርዱን ከተናገርክ ሙሉውን ተናገር እንጂ። ቡንሹን እኮ ካሳ ክፈል ተብሏል። 1.2 ሚሊዮን የን።

የቀበናው፦
መጀመሪያ 8.8 ሚሊዮን ነበር የተፈረደበት። ይግባኙ ላይ ወደ 1.2 የወረደው ለምን ይመስልሃል? ትልቁ ክስ እውነት ስለሆነ ነዋ! የቀረችው ለሌሎቹ ነጥቦች ናት። በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አልቀበልም ብሎ መለሳቸው። አንተ የምታየው 1.2ቷን ብቻ።

ጠበቃ_ነኝ፦
እኔ የምለው «ሁሉም» የሚለው ቃል ለክርክር አይመችም ነው። ሁሉም ካወቀ ማንም ለብቻው አይጠየቅም። ጋዜጣው «ቴሌቪዥኑም ያውቅ ነበር» ይላል፣ ቴሌቪዥኑ «ጋዜጣውስ?» ይላል፣ በዚያው ተድበስብሶ ይቀራል።

የሺንጁኩ_ልጅ፦
ጠበቃው ልክ ነው፣ ግን ማወቅና መናገር ይለያያል። እዚህ ቶኪዮ አሥር ዓመት አልፎኛል። እስከ 2018 ድረስ የነዚህ ልጆች ፎቶ ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ ድርጅቱ አይፈቅድም ነበር። መጽሔት ልትገዛ ድረ ገጽ ትከፍታለህ፣ ሽፋኑ ላይ ልጁ መኖር ያለበት ቦታ ግራጫ ጥላ ነው። የፀጉሩ ቅርጽ አለ፣ ትከሻው አለ፣ ፊት የለም። የገዛ መጽሔቱን ሽፋን ማሳየት ያልቻለ አሳታሚ ስለ ጆኒ ነውር ሊጽፍ ነው? ብትነካቸው የድራማህን መሪ ተዋናይ፣ የመዝናኛ ፕሮግራምህን አቅራቢ፣ የግድግዳ ካላንደርህን ሳይቀር ይነጥቁሃል። ትልልቆቹ ጋዜጦች ደግሞ ከቴሌቪዥኖቹ ጋር ቤተሰብ ናቸው። ዮሚዩሪና ኒፖን ቲቪ፣ ሳንኬይና ፉጂ። ማን ማንን ይጽፋል?

የቀበናው፦
ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሚሚ_አራሺ፦
እሺ እነሱ ያውቁ ነበር። ታዲያ ቅጣቱ ለምን ዘፋኞቹ ላይ ወረደ? በ2023 ኮሃኩ ላይ፣ የጃፓን ሕዝባዊ ጣቢያ የኤንኤችኬን የዓመቱ መጨረሻ ትልቁን የሙዚቃ ዝግጅት ማለቴ ነው፣ ከድርጅቱ አንድም ሰው አልቀረበም። በ44 ዓመት የመጀመሪያው! የተበደሉት ልጆች እኮ ከነሱ መሃል ናቸው። 44 ዓመት የዘፈኑለት ጣቢያ በአንድ ጀምበር ንጹሕ ሆኖ ፈራጅ ሆነ። በ2024 ጥቅምት ላይ ደግሞ እገዳውን ራሱ አነሳው። ቀልደኞች።

ቡና_ቁጭ፦
ዘፋኞቹ ምስኪን ናቸው እንበል። ድርጅቱ በጥቅምት 2023 የሰጠውን ጋዜጣዊ መግለጫ አይተሻል? ሁለት ሰዓት ብቻ፣ ለአንድ ሚዲያ አንድ ጥያቄ። ጋዜጠኞቹ ሲጮኹ ኢኖሃራ፣ ያው የድርጅቱ የድሮ ዘፋኝ፣ «ተረጋጉ፣ ልጆች እያዩን ነው» አላቸው። አዳራሹ ውስጥ አጨበጨቡለት! ጋዜጠኞች ናቸው ያጨበጨቡት። በኋላ «ለእነዚህ ጋዜጠኞች ዕድል አትስጡ» የሚል የስም ዝርዝር ከነፎቶው ወጣ። ልጆች እያዩን ነው ማለት ያኔ ነበር።

ሚሚ_አራሺ፦
ዝርዝሩን ያዘጋጀው የቀጠሩት አማካሪ ድርጅት ነው እንጂ ኢኖሃራ አይደለም።

ቡና_ቁጭ፦
እሱ ነው መች አልኩ? ጭብጨባውን ነው ያልኩት።

ጠበቃ_ነኝ፦
ቡንሹንን እንደ ታቦት የያዛችሁት ግን ገርሞኛል። ናካይ፣ ሌላው የድርጅቱ የድሮ ዘፋኝ፣ በአንዲት ሴት ላይ ወሲባዊ ጥቃት አድርሷል በተባለበት የፉጂ ቲቪ ጉዳይ ስህተት ጽፎ በ2025 ጥር አርሟል። ሴትየዋን ግብዣው ላይ የጠራት የጣቢያው ሠራተኛ ነው ብሎ ጽፎ፣ ኋላ የጠራትስ ናካይ ራሱ ነው አለ።

የቀበናው፦
አረመ! ማረም የሚችለው እኮ የጻፈ ነው። ያልጻፈ ምኑን ያርማል? ደግሞ ፉጂን ካነሳህ፣ መጀመሪያ ካሜራ የማይገባበት መግለጫ ጠሩ፣ እነ ቶዮታ ማስታወቂያቸውን ሲያነሱ ከ10 ሰዓት በላይ የፈጀ ሌላ መግለጫ ሰጡ፣ ሊቀመንበሩም ፕሬዚዳንቱም ለቀቁ። ያንቀሳቀሳቸው ገንዘብ እንጂ ኅሊና አይደለም። የጆኒም እንደዚያው ነው። ሟቹ ከተቀበረ በኋላ ሁሉም ጀግና ሆነ።

ሚሚ_አራሺ፦
ይኸው ደግሞ «ሁሉም»።

የሺንጁኩ_ልጅ፦
ድርጅቱ ራሱ ያቋቋመው የውጭ አጣሪ ቡድን እኮ በነሐሴ 2023 የሚዲያውን ዝምታ በግልጽ ጽፎታል። ዝም ስላሉ ጥቃቱ ቀጠለ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ካሳ የተከፈላቸው ከ500 በላይ ናቸው። በ2003 ፍርዱ በየቀኑ ቢዘገብ ስንቱ ልጅ ይተርፍ ነበር? አንዳንድ ጋዜጣ በትንሽ አምድ ጽፎት አለፈ።

ጠበቃ_ነኝ፦
ማስታወቂያ ሰጪውና ቴሌቪዥኑ ከተቆጠሩ፣ ቲኬት የገዛውስ?

ቡና_ቁጭ፦
ሚሚ ዝም አለች።

ሚሚ_አራሺ፦
ዝም አላልኩም፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ። አዎ፣ የደጋፊዎች ክለብ አባል ነበርኩ። ያኔ የጃፓን አድራሻ ግድ ስለነበር ዮኮሃማ ባለች የአክስቴ ልጅ አድራሻ ተመዝግቤ በዓመት 4,000 የን እከፍል ነበር። እና ምን ይጠበስ?

የቀበናው፦
እና ሁሉም ውስጥ አለሽበት።

ሚሚ_አራሺ፦
መጀመሪያ ስጠይቅህ «አንቺን አላልኩም» አላልክም? ወደ ላይ ውጣና አንብበው!

የቀበናው፦
ያኔ 4,000 የኗን አልነገርሽኝም ነበራ።

ሚሚ_አራሺ፦
አንተ ደግሞ 1999 ላይ ስለተጻፈ ነገር የምትናደደው በ2025 ነው። እስከዛሬ የት ነበርክ?

የቀበናው፦
እኔማ አሁን ነው ያወቅኩት።

ጠበቃ_ነኝ፦
😂😂 ይህን ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ።

አባ_ጠጠር፦
የቢቢሲውን ፊልም ሊንክ ያለው ይላክልኝማ