ከጉልበት በላይ ለሚሠራ ባይፓስ፦ ሳፊነሱን እንጠቀምበት ወይስ እናስቀምጠው?

ጥያቄ
ከብሽሽት ተነስቶ ከጉልበት በላይ ለሚያርፍ ባይፓስ (የተዘጋውን የእግር ደም ቅዳ አልፎ ደም ለሚያሻግር አዲስ መንገድ) ሁለት ዓይነት ምክር ይሰጣል። አንዱ ወገን «ሳፊነሱን (የእግሩን ረጅም ደም መልስ) ወደፊት ከጉልበት በታች ለሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና አስቀምጠው፤ ለአሁኑ ሰው ሠራሹን ቱቦ፣ ፒቲኤፍኢን፣ ግጠም» ይላል። ሌላው «የራስ ደም መልስ ካለ ሌላ አትመልከት» ይላል። ሳፊነሱ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለውና እግሩ ላይ ቁስል ከሌለ የቱን ትመርጣላችሁ?

መልስ 1
ደም መልሱን። ቁጠባው ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ የሚያፈርሰው ግራፍቱ (ለባይፓሱ የተገጠመው ቱቦ ወይም ደም መልስ) የሚዘጋበት መንገድ ነው። ፒቲኤፍኢ ብዙውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ደም ይረጋበታል፤ የረጋው ደምም ወደ ባት የሚወርዱትን ደም ቅዳዎች ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ የተቆጠበው ሳፊነስ የሚሰፋበት ቦታ ይታጣል። የራስ ደም መልስ ግን በአብዛኛው ቀስ እያለ ስለሚጠብ በአልትራሳውንድ ይደረስበታል። ተጠባባቂ ከተፈለገ የሌላው እግር ሳፊነስና የክንድ ደም መልሶች አሉ።

ቁስልም የእረፍት ህመምም (ሳይራመዱ የሚሰማ የእግር ህመም) ከሌለ ግን ከሁሉ በፊት ማጨስ ማቆም፣ በባለሙያ የሚመራ የእግር ጉዞ ልምምድና መድኃኒት በደንብ ይሞከሩ። ሳያስፈልግ የተሠራ ባይፓስ ሲዘጋ እግሩን ከመጀመሪያው የባሰ ሁኔታ ላይ ሊጥለው ይችላል።

መልስ 2
እስማማለሁ፤ ልኬቱ ግን ይጣራ። በቀዝቃዛ ክፍል ተጋድሞ የተለካ ደም መልስ ከእውነቱ ቀጥኖ ይታያል። ክፍሉ ይሙቅ፣ እግሩ ወደ ታች ይንጠልጠል፣ ከዚያ ይለካ። 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ምቹ ነው፤ ከ2.5 በታች የሆነው አያስተማምንም። ግድግዳው የወፈረ ወይም የቆየ የረጋ ደም ጠባሳ ያለበት ከሆነ ሰፊ ቢሆንም ይተው።

ደግሞም ጥሩ ደም መልስ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በእጃችን ነው። በሲሪንጅ በኃይል ሲሞላ የውስጥ ሽፋኑ ይጎዳል፤ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ባለው ፈሳሽ በቀስታ ይሞላ። እንደሞላ በፊቱ በኩል ርዝመቱን ሙሉ በቀለም ይሰመርበት፤ በሥጋው ውስጥ በተከፈተለት መሿለኪያ ሲያልፍ መጠምዘዙ የሚለየው በዚያ መስመር ነው። ተገልብጦ ካልተሰፋ ደምን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ቫልቮቹ አንድም ሳይቀር ይቆረጡ። ከቦታው ሳይነሳ ከተሠራ ቅርንጫፎቹ ይታሰሩ፤ ካልታሰሩ ደሙ ታች እግሩ ጋ ሳይደርስ በእነሱ በኩል ይመለሳል።

ጠያቂ
የሚሆን ሳፊነስ ጭራሽ ካልተገኘስ?

መልስ 2
ከጉልበት በላይ፣ የባት ደም ቅዳዎች ክፍት ከሆኑ፣ 6 ሚሊ ሜትር ፒቲኤፍኢ ተገቢ ምርጫ ነው። ከጉልበት በታች ግን በደም መልስና በፒቲኤፍኢ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ይሰፋል፤ እዚያ መጀመሪያ የክንድ ደም መልስ ይፈለግ። በቂ ርዝመት ከሌለውና ፒቲኤፍኢ ከተገጠመ በታችኛው ስፌት ላይ አጭር የደም መልስ ቁራጭ እንደ አንገትጌ ማስገባት ይረዳል። መግል ባለበት ቦታ ሰው ሠራሽ ባይገባ ይሻላል፤ ከተበከለ ብዙውን ጊዜ መውጣት አለበት።

መልስ 1
ክትትሉም አይረሳ። የደም መልስ ግራፍት በብዛት የሚጠበው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው፤ በ1፣ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር በዶፕለር (የደሙን ፍጥነት በሚለካው አልትራሳውንድ) ይታይ። የደሙ ፍጥነት አንድ ቦታ ላይ በሴኮንድ ከ300 ሴንቲ ሜትር ካለፈና ከአጠገቡ ካለው ክፍል ከ3.5 እጥፍ በላይ ከሆነ፣ ታካሚው «ደህና ነኝ» ቢልም ሳይዘጋ ይታረም።