ሳተላይት ተመልሳ የማትወድቀው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የሮኬቱ ሞተር ከጠፋ በኋላ ሳተላይቷን ከላይ ይዞ የሚያቆያት ምንድን ነው?

መልስ፦ የሚይዛት ነገር የለም፤ እንዲያውም ያለማቋረጥ እየወደቀች ነው። ሮኬቱ ከፍታን ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም ወደ ጎን የሚወስዳትን ፍጥነት ስለሚሰጣት፣ በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትወነጨፍ የምድር ገጽ በወደቀችው ልክ ከሥሯ እየጎበጠ ይሸሻታል።

ሌላ መልስ፦ ትክክል ነው፤ ሆኖም በዚያ ከፍታ የቀረው ስስ አየር ፍጥነቷን ስለሚቀንሰው አልፎ አልፎ በሞተር ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ግን ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ፣ ዲሹ አንዴ ከተስተካከለ መንቀሳቀስ አያስፈልገውም።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። የጂፒኤስ ሳተላይቶችስ?

መልስ፦ እነርሱ በ20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ።