የዓባይን ዳገት ስወጣ መኪናዬ ትለግማለች
ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አንድ በሉኝ። ማርቆስ ከተማ ውስጥ ምንም የማትለው መኪናዬ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ ለገመችብኝ። ነዳጅ ብረግጥ ብረግጥ፣ ወይ ፍንክች! የሙቀት መለኪያው ግን መሃል ላይ ነው፤ ውኃም አልጎደለም።

ደጀን ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት የአየር ማስገቢያው ቱቦ እጅ አያስነካም። ጥፋቱ የእኔው ሳይሆን አይቀርም። አምና ዋናውን የአየር ፊልትሮ (ማጣሪያ) ሳጥን አውልቄ ክፍት ፊልትሮ አስገጠምኩ። ድምፁ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ዋጋ አለው! አሁን ከሞተሩ ሥር የጋለውን አየር ይስባል። የጋለ አየር ደግሞ ስስ ነው፤ ኦክስጅኑ ያንሳል።

በቆርቆሮ ልከልለው? ወይስ ከፊት መብራቱ ጀርባ ቱቦ ስቤ የውጭ አየር ላምጣለት? ክረምት ላይ ውኃ እንዳይስብ ፈራሁ። አሮጌው ሳጥን ቤት አለ፤ ክዳኑ ግን ተሰንጥቋል። ጠግኜ ልመልሰው ይሆን? የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፣ ሰኞ መንገድ አለብኝ።